ሳያረጥብ የሚያደርስ ጀልባ

ክርክሩ የተነሳው በአማቴ ዓይን ምክንያት ነው። አማቴ በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት፣ የድጓ ዜማ መምህር ነበሩ። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ በዚያ ዓመት ግራውም መደብዘዝ ጀመረ። ተማሪ ሲስት አሁንም በጆሯቸው ይይዙታል፣ መጽሐፉን ግን ፀሐይ ላይ አውጥተው አፍንጫቸው ሥር ካላስጠጉት ፊደሉን አይለዩትም። ሐኪም ያለው እኛ በምንኖርበት ባሕር ዳር ነው። ነዳጅ በኩፖን ከሆነ ወዲህ የሞተር ጀልባው መምጫ አይታወቅም፤ አንዳንዴ ወር ሙሉ ይጠፋል። የቀረው ታንኳ ነበር። ታንኳ ደንገል ነው፤ ውኃ እየጠጣ ነው የሚሄደው፣ የተሳፈረበት ሰውም መቀመጫው ሳይርስ አይደርስም። አማቴ ቀደም ባለው ክረምት በታንኳ ተሻግረው የሳንባ ምች ይዟቸው ለጥቂት ነው የተረፉት። ሐኪሙም ዳግመኛ ርሰው ብርድ ላይ እንዳይቀመጡ አጥብቆ ነግሯቸዋል። እናም መንገደኛ ባገኙ ቁጥር የሚልኩብን መልእክት አንድ ነበር፦ ሳያረጥብ የሚያደርስ ጀልባ ካመጣችሁ እመጣለሁ።

ዋርሳዬ፣ ማለትም የባለቤቴ ወንድም፣ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል አናጺ ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ውሉ አልቆ ሲሄድ ሁለት የጀልባ ንድፎች ትቶለት ነበር። ሰውየው በአገሩ ዕረፍቱን በሸራ ጀልባ ከወደብ ወደብ እየዞረ የሚያሳልፍ ስለነበረ ጣናን ባየ ቁጥር ልቡ ይነሳበት ነበር ይላል ዋርሳዬ። ሁለቱም ንድፎች የመንገድ ጀልባዎች ናቸው፤ ጥቂት ሰው ከነስንቁ ይዘው ሩቅ የሚሄዱ።

አንዱ የድሮ ሥሪት ነው። ወፍራም ጣውላ በጎድን አጥንቶች ላይ እየተደረደረ ይመታል፣ ሆዱ ሰፊ ነው፣ ከሥሩም ከጫፍ እስከ ጫፍ ከባድ ግንድ ይሄድበታል። ያንን ግንድ እኛ አከርካሪ አልነው። ምሰሶው አጭር፣ ሸራው ባለ አራት ማዕዘን ነው። ሌላው አዲስ ሥሪት ነው። በኮላ በተነባበረ ስስ እንጨት፣ በኮምፔንሳቶ፣ የሚሠራ፣ ቀላል፣ ሆዱ ጠፍጣፋ። በአከርካሪ ፈንታ እንደ መሳቢያ የሚነሳና የሚወርድ ስስ ሰሌዳ አለው፤ ምሰሶው ረጅም፣ ሸራው ጠባብና ባለ ሦስት ማዕዘን ነው።

ዋርሳዬ አዲሱን ፈለገ። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሰሌዳው ስለሚነሳ ጭቃና ደንገል ባለበት ዳርቻ ሁሉ ይጠጋል አለ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። እኔ የድሮውን ያዝሁ። ለዜና ሥራ በሐይቁ ላይ ብዙ ተመላልሻለሁ፤ ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛ ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። የምናሳፍረው ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ነው። ቢገለበጥ የሚይዙትን እንኳ አያዩም። ከባድ ሆድና ከባድ አከርካሪ ያለው ጀልባ ይዘገያል እንጂ በቀላሉ አይገለበጥም።

«አንተ በጋዜጣ ስለ ዕድገት ስትጽፍ ትውልና፣» አለኝ ዋርሳዬ አንድ ማታ እራት ላይ፣ «ጓሮህ ውስጥ የኖኅን መርከብ ልትሠራ ነው?»

«የኖኅ መርከብ አልሰመጠችም፣» አልሁት።

ባለቤቴ ሳህኖቹን እያነሳች ሁለታችሁም አባባን ጠይቃችኋቸዋል ወይ አለችን። አልጠየቅናቸውም። እሳቸው የሚያውቁት የጀልባ ዓይነት ሁለት ነው፣ የሚያረጥብና የማያረጥብ።

በሙያዬ የለመድሁት፣ ሁለት ሰው ሁለት ነገር ሲል ሄዶ ማየት ነው። ዓሣ አስጋሪዎችን ጠየቅሁ። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ወደ ባሕር ዳር እንደሚነፍስ፣ ከደቅ ሲመለሱ ከኋላ እየገፋ እንደሚያመጣ ሁሉም ተስማሙ። በጭቃው ዳርቻ ጉዳይ ግን ለዋርሳዬ ፈረዱለት፤ አከርካሪ ያለው ጀልባ ከዳርቻው ርቆ ይቆማል አሉ። ከዚያ ከገበያ አንድ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ አምጥቼ ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ነከርሁና ድንጋይ ጫንሁበት። ሳምንት ሳይሞላው እንደ ድርብ ነጠላ ንብርብሩ ተለያየ። መሐንዲሱ በአገሩ የሚጠቀምበት ኮምፔንሳቶ ኮላው ውኃ የማይፈታው ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱ በዚያን ጊዜ በእኛ ከተማ አይገኝም። ዋርሳዬ የተላጠውን ቁራጭ በጣቶቹ እያሻሸ ረጅም ጊዜ አየው። «እሺ፣ ያንተው ኖኅ ይሁን፣» አለና ንድፉን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ጀልባ ለመሥራት የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ግን ጠያቂ መሆን ነበረበት። ንድፉን ገልብጦ አየው፣ መልሶም አቃናው።

«ለምን ሞተር አታደርጉለትም?»

ነዳጁን ጓድ ሊቀመንበር ከፈቀዱልን እናደርጋለን አልነው። ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ሳቁን ሰብስቦ፣ «ይህ ጀልባ ከአገር ሊወጣ ይችላል?» አለ።

«ጣና ወዴትም አይወጣም፣» አለ ዋርሳዬ።

«በዓባይ ይወጣል።»

«በዓባይ ከወጣን ጢስ ዓባይ ይመልሰናል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ቁርጥራጩን እዚያው መልቀም ነው።»

የቀበሌው ጸሐፊ ሳቁን ለመደበቅ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን መታልን፤ አንድ ቃል ብቻ አስገባን፣ ለበዓል ቀን ባንዲራ እንድንሰቅልበት።

የዋንዛው ጣውላ ከአንበሳሜ በጭነት መኪና መጣ። ዋርሳዬ ከሥራ ሲወጣና እሑድ እሑድ እየሠራ፣ እኔ እየያዝሁና እያቀበልሁ፣ ጓሯችን ለወራት የጀልባ ሆድ ሆነ። በጣውላዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በጥጥ ወተፍን፣ በላዩ ቅጥራን ቀባን። ሸራውን ባለቤቴ ከአቡጀዲ ሰፋችው። ያን ሁሉ ነጭ አቡጀዲ ታቅፋ ከገበያ ስትገባ የጎረቤት ሴቶች መግነዣ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየተጣደፉ መጡ። አንዷ በሩ ላይ ማልቀስ ጀምራ ነበር። የሞተ ሰው የለም፣ ጀልባ ነው ብትላቸው ከበፊቱ ይልቅ ደነገጡ።

ጀልባውን መጀመሪያ ሐይቅ ውስጥ ስናስገባው ውኃው በየስፌቱ ይንፎለፎል ጀመር። እኔ ሁሉ ነገር ያበቃ መሰለኝ። ዋርሳዬ ግን ይህን ይጠብቀው ነበር፤ እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥ ጣውላ ከጣውላ ይጣበቃል፣ ክፍተቱም ይዘጋል አለኝ። እንዳለውም ሆነ። ጥቂት ቀን ውኃ ላይ ታስሮ ከቆየ በኋላ ወለሉን በእጄ ስዳስሰው ደረቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ እዚያው ውኃው ላይ ትተነው እየተለማመድን ከረምን።

የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተው በባሕር ዳሩ ሆስፒታል የሞራ ቀዶ ሕክምና እንደሚሰጡ የሰማሁት ለሥራ ስሄድ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ይቆያሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ያልፋሉ። መቼ እንደሚመለሱ የጠየቅሁት ሰው ትከሻውን ሰበቀ። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ባለው ዓርብ ማለዳ፣ ከምድር ወደ ሐይቁ በሚወጣው ቀጭን ነፋስ ሸራችንን ዘርግተን፣ ነፋሱ ሲተኛ እየቀዘፍን፣ ለደቅ ተነሳን።

አማቴ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ልጃቸውን በድምፁ፣ እኔን በእጄ አወቁኝ። የመጣንበትን ስንነግራቸው፣ «ረጥባችኋል?» አሉ። አልረጠብንም። ልጃቸውን ጠጋ አድርገው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ዳሰሱትና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ግን ወዲያው አልተነሱም። እሑድ የደብሩ ዓመታዊ ንግሥ ነው፤ ከማኅሌት ቀርቼ ወዴት እሄዳለሁ አሉ። ተማሪዎቻቸውንም ለሌላ መምህር ሳያስረክቡ አይሄዱም። ሐኪሞቹ የሚሄዱበት ዓርብ ገና ሩቅ ስለነበረ አልተጨቃጨቅንም። መኖሪያቸው ከዳርቻው ገባ ያለ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ወደ ውኃው አልወረድንም። ዳርቻው ላይ የሚያውቁን ሰዎች ጀልባውን እንጠብቅላችኋለን ብለውናል።

ማክሰኞ ማለዳ ስንቃችንን ይዘን ወረድን። ጀልባው ካሰርንበት ቦታ አልነበረም። ከውኃው ርቆ፣ ሣሩ ላይ፣ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተገልብጧል።

እዚህ ላይ የሐይቁን ሰው ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ታንኳ ከመንገድ ሲገባ ከውኃ ይወጣል፤ ይደገፍና የጠጣው ውኃ እየተንጠባጠበ በፀሐይ ይደርቃል። ውኃ ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው ሰነፍ ነው፤ ደንገሉ ይበሰብስበታል። ደጎቹ ሰዎች የእንግዳ ጀልባ ውኃ ላይ ተረስቶ ሲያዩ አዘኑልን። ዓርብ ማታውኑ ጎረምሳ ሰብስበው፣ ገመድ አስረው፣ ያንን ሁሉ ክብደት እየዘፈኑ ጎትተው አወጡልን። እስከ ማክሰኞም በበጋ ፀሐይ አደረቁልን። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለየኔታ ክብር ነው።

ዋርሳዬ ተንበርክኮ ከጀልባው ሥር ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁ። በጣውላዎቹ መካከል ፀሐይ በረድፍ በረድፍ ገብታ ፊቱን አዥጎርጉራዋለች። ጥጡ በየቦታው ተንጠልጥሏል። 

«ኮምፔንሳቶ ቢሆን ኖሮ ቢደርቅለት ደስ ይለው ነበር፣» አለ ዋርሳዬ፣ እዚያው ሥር እንደተቀመጠ።

«ኮምፔንሳቶ ቢሆን ኖሮ እስከዚህም አንደርስም ነበር።»

«እሱም ልክ ነው።»

ስንወጣ ሰዎቹ ምስጋና እየጠበቁ ቆመዋል። አመሰገንናቸው። ምን ይባላል? ከዚያ ዋርሳዬ አንድ ነገር ለመናቸው፤ ጀልባውን አቃንተው ወደ ውኃ እንዲመልሱልን፣ ድንጋይም እንዲያቀብሉን። ድንጋይ ለምን አሉ። ልናሰምጠው አላቸው።

ሰዎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንድ ጠና ያሉ ታንኳ ቀዛፊ እኔን ለብቻ ጠርተው፣ ከዋርሳህ ጋር ተጣልታችኋል ወይ አሉኝ። እንጨት እንደ ደንገል እንዳልሆነ፣ ይህ ጀልባ ርሶ ካልኖረ ውኃ እንደሚያስገባ ለማስረዳት ሞከርሁ። እየሰሙኝ ነበር፤ ግን በዓይናቸው የሚያዩት የደረቀ ጀልባ የሚያሰምጡ ሁለት የከተማ ሰዎች ነው።

«ደረቁን ሰጥተናችሁ ታሰምጡታላችሁ፤» አሉ፣ «እንግዲህ የሰመጠው ነው የኔታን ሳያረጥብ የሚያደርሳቸው?»

ተማሪ እየመራቸው የመጡት አማቴ ከኋላ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል።

«ተዉአቸው፣» አሉ። «ሳይጠመቅ መጥቶ ነው። ይጠመቅ።»

ሳቅ ሆነ፤ ከሳቁ በኋላ እጅ አልጎደለንም። ጀልባውን እስከ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ አስገብተን በድንጋይ ሞላነው። ምሰሶውን አስቀድመን ነቅለን ስለነበር ጀልባው ቀስ ብሎ፣ ሳይንጋደድ፣ ጠርዙ እስኪጠፋ ድረስ ወረደ። ልጆች ደስ ብሏቸው ዋኙበት።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልነበረንም። ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ውኃ ማየት ብቻ። በሙያዬ ብዙ ነገር ጠብቄያለሁ፣ አውሮፕላንም ባለሥልጣንም፤ እንጨት እስኪያብጥ ግን ጠብቄ አላውቅም። ዋርሳዬ ዓርብን ደጋግሞ ያነሳ ጀመር። ነገ ካልዘጋ በታንኳ ወስጄ ብቻዬን ተሸክሜም ቢሆን አደርሳቸዋለሁ አለ። አባቱ ሰምተው ታንኳ ላይ አልወጣም አሉ። በሽታውን ፈርተው ብቻ አልነበረም። ባለፈው ጊዜ ሲታመሙ ተማሪዎቻቸው መምህር አጥተው ተበትነው ነበርና፣ ዓይን ፍለጋ ሄጄ ድምፄን ይዤ ካልተመለስሁ ምን ልሆን ነው አሉ። ማየት ካልተቻለ በቃላቸው ያስተምራሉ። ሳንባ ከሌለ ግን ዜማ የለም። 

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ድንጋዩን አወጣን፤ ጠርዙ ከውኃው በላይ ብቅ አለ። ውኃውን በቅል ስንጨልፍ መጀመሪያ የቀነሰም አልመሰለኝ። ዋርሳዬ በጀልባው ውስጥ ያለውን የውኃ መስመር በጣቱ ይዞ ቆመ፤ ሌሎቻችን ጨለፍን። መስመሩ ወደ ጣቱ አልተመለሰም። ወለሉ ታየ። ከአከርካሪው አጠገብ አንድ ቦታ እንደ እንባ ያለ ውኃ ብቅ ብቅ ይል ነበር፤ ሌላው ተዘግቷል። ዋርሳዬ ጥቂት አዲስ ጥጥ ወተፈበት።  እኔ ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ።

አማቴን በሰፊው መቀመጫ ላይ ጋቢያቸውን ደራርበን አስቀመጥናቸው። ሙሉ ደሴቱ ሸኘን። ወደ ከሰዓት ነፋሱ ከሰሜን ተነሳ፣ ሞገዱም ነጭ ነጭ ማለት ጀመረ። ያ ከባድ ጀልባ ግን እንደ ጭነት በቅሎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከኋላ የሚመታውን ሞገድ ሆዱ እየዋጠው በቀስታ ከመወዛወዝ በቀር ያደረገው ነገር የለም። ዋርሳዬ መሪውን ይዟል፤ ስለ አዲሱ ንድፍ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም አላነሳሁበትም። አማቴ በየጊዜው ጫማቸውን አውልቀው ወለሉን በእግራቸው ይዳስሱና፣ «ደኅና ነው፣» ይላሉ። ከዚያ በለሆሳስ ማዜም ይቀጥላሉ።

ዘጌ አደርን። ልክ ስንደርስ ሦስት ጎረምሶች እንርዳችሁ ብለው ገመዱን ይዘው ጀልባውን ወደ ደረቁ መሳብ ጀመሩ። ዋርሳዬ እጁን ዘርግቶ በመካከላቸው ገባ። የእናቱን ልጅ የሚነጥቁት ይመስል ነበር። አባቱን ለእኔ ትቶ እሱ ጀልባው ውስጥ ተኛ።

ሐሙስ ባሕር ዳር ስንደርስ ዓሣ አስጋሪዎቹ የተናገሩት ደረሰብን። ቤቶቹ እየታዩን፣ ባለቤቴ ዳርቻው ላይ ቆማ ነጠላዋን እያወዛወዘች፣ አከርካሪው ጭቃ ያዘና ቀጥ አልን። ወርደን ገፋን፤ ጭቃው እስከ ጉልበታችን ዋጠን እንጂ ጀልባው አልተነቃነቀም። ዋርሳዬ ጭቃ ውስጥ እንደቆመ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የሚነሳ ሰሌዳ ቢኖረው…» አለና ሳይጨርሰው ተወው። ሁለታችንም አማቴን አንስተን፣ አንዱ በብብት አንዱ በእግር፣ እስከ ደረቁ ተሸከምናቸው። ጋቢያቸውን ጠብታ ውኃ አልነካውም። እኛ እስከ ደረታችን በጭቃ ተለቅልቀን ነበር።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ከመሸከፋቸው በፊት ግራ ዓይናቸው ተሠራ። ወረፋው ላይ ከኋላቸው የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን፣ ባለቤቴን ነው። አርጅተሻል አሏት። እያለቀሰች ሳቀች።

በኋላ ብዙ ሰው የትኛው ሥሪት ይሻላል እያለ ጠይቆኛል፤ ጀልባው በከተማው ታውቆ ነበርና። የማውቀውን ነው የምነግረው። ሞገዱን የድሮው ሥሪት በደንብ ያልፈዋል። ዳርቻውን አዲሱ ይቀርበዋል። የእኛ ኮምፔንሳቶ አይሆንም። የጣውላ ጀልባ ደግሞ፣ ጀልባን አውጥቶ ማድረቅ ደግነት በሆነበት አገር፣ ሁልጊዜ ጠባቂ ይፈልጋል። ከዚህ አልፌ ፍርድ አልሰጠሁም። ያንን ጀልባ የመረጥሁት እኔ ነኝ፣ ሰውየውን ግን ያደረሱት የድሮው ሥሪትና የአናጺው ትዕግሥት ናቸው፤ የመጨረሻውን መንገድ ደግሞ ትከሻችን።

ሐኪሙ መንገድ ሲፈቅድላቸው አማቴ ወደ ደቅ ከመመለሳቸው በፊት ጀልባውን ልየው አሉ። መነጽራቸውን አድርገው፣ በልጃቸው ክንድ ላይ ተደግፈው ወደ ዳርቻው ወረዱ። ጀልባው ውኃው ላይ ታስሮ ነበር፤ ቅጥራኑ እንደ ቁስል ቅርፊት ተለጣጥፎበት፣ ሆዱ ወጥቶ፣ አንዱ ጎኑ ጎተራ የደገፉበት ያህል ዝቅ ብሎ። ከፊት አዩት፣ ዞረው ከጎን አዩት፣ ጎንበስ ብለው ስፌቱን ተመለከቱ። ዋርሳዬ ምን ሊሉ ነው ብሎ ፊት ፊታቸውን አየ።

«እኔን ያመጣኝ ይህ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

አንድ ጊዜ ደግመው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«አስቀድሜ አይቼው ቢሆን ኖሮ አልሳፈርበትም ነበር፣» አሉ፤ ጫማቸውንም አወለቁና እጃቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ተሳፈሩበት።